ስለ በርበሬና ስለ እንግዳ አቀባበል በመተማ ገበያ

የሰው ልጅ ጎረቤቱን የሚያውቅበት መንገድ ብዙ ነው፤ ከእነርሱም አንዱ ማዕድ ነው። ነገር ግን ማዕድ የቀረበውን ሰው እንደሚያቀራርብ ሁሉ፥ ሳይጠየቅ የተፈረደበትን ሰው ደግሞ ያርቃል። ይህንንም ነገር ለመመርመር ከመተማ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል፤ ይህች ከተማ በምዕራብ ጎንደር ቆላ በሱዳን ዳርቻ ተቀምጣ፥ በማዶ ካለችው ከገላባት ጋራ እንደ አንድ ገበያ ሆና ብዙ ዘመን ኖራለችና።

በመተማ ምግብ ቤት የደጋው ሰውና የሱዳኑ ሰው በአንድ ጣራ ሥር ይቀመጣሉ። አሳላፊው የእንግዳውን ጥምጥምና ጀላቢያ ባየ ጊዜ «ይህ በርበሬ አይችልም» ብሎ በልቡ ይፈርድና ሳይጠይቅ አልጫ ያቀርብለታል። ከደጋ ለሰሊጥ አጨዳ የወረደውን ቀን ሠራተኛ ባየ ጊዜ ግን «ይህስ የአገር ልጅ ነው» ብሎ ቀይ ወጡን ያፈስለታል፤ ያ ሰው ጨጓራውን የሚያመው ቢሆን እንኳ «አልጫ አምጣልኝ» ለማለት ያፍራል። በማዶውም እንዲሁ ነው፤ የደጋው ሰው በገላባት ፉል በቀረበለት ጊዜ ሻጣውን «የዐረብ በርበሬ ምን ያደርገኛል» ብሎ እንደ ልቡ ያፈስበታል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም እንባው በጉንጩ ይወርዳል። ሻጣ ማለት ሱዳኖች ከምግባቸው አጠገብ የሚያኖሩት የሚያቃጥል የበርበሬ ማባያ ነው። እንግዲህ ሦስቱም ሰዎች የተሳሳቱት በምላስ አይደለም፤ በግምት ነው።

የዚህ ግምት መሠረቱ በርበሬን የአንድ ወገን ርስት አድርጎ ማሰብ ነው። የበርበሬ ታሪክ ግን ይህን አይመሰክርም። በርበሬ ከጥንት ጀምሮ በኢትዮጵያም በሱዳንም በህንድም አልነበረም፤ ትውልዱ አሜሪካ ነው። ኮሎምቦስ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1492 ባሕር ተሻግሮ ያን አገር ካገኘ በኋላ፥ የእስፓኝና የፖርቱጋል መርከቦች ዘሩን ወደ አፍሪካና ወደ እስያ አደረሱት። ወደ ኢትዮጵያ የገባውም በ16ኛው መቶ ዓመት እንደ ሆነ ብዙ ሊቃውንት ይናገራሉ፤ ጊዜውም የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጡበት፥ በቀይ ባሕርና በህንድ ውቅያኖስም የቱርክና የፖርቱጋል መርከቦች የተጋፉበት ዘመን ነው። ከዚያ አስቀድሞ የኢትዮጵያ ወጥ የሚቀመመው በኮረሪማ፥ በአዝሙድ፥ በሰናፍጭና እነዚህን በመሰሉ ቅመሞች ነበር፤ ከባሕር ማዶም ዝንጅብልና ቁንዶ በርበሬ ይመጡ ነበር። ቁንዶ በርበሬ ከህንድ የሚመጣ የሐረግ ፍሬ ሲሆን፥ ቀዩ በርበሬ ግን ፈጽሞ ሌላ ዕፅ ነው። በአማርኛ ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸው አያስደንቅም፤ ፈረንጆችም እንዲሁ የአዲሱን ፍሬ ማቃጠል ባዩ ጊዜ በአሮጌው ስም ጠርተውታልና። እንግዲህ የደጋው ሰው «የአባቶቼ ምግብ» የሚለው በርበሬ፥ ሱዳኑም «የአገሬ» የሚለው ሻጣ፥ ሁለቱም ከአንድ ሩቅ አገር የመጡ እንግዶች ናቸው። አልጫውን ቢጫ የሚያደርገው እርድ ስንኳ የእስያ ተክል ነው።

የመተማም መንገድ የእንግዶች መንገድ ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ዐፄ ኢያሱ አድያም ሰገድን ለማከም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1699 በስናር በኩል ወደ ጎንደር ገባ። እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1771 ከጎንደር ወጥቶ በዚሁ ቆላ በኩል ወደ ስናር ወረደ፤ እርሱም በጎንደር ጥሬ ሥጋ በበርበሬና በጨው ታሽቶ፥ በጤፍ እንጀራ ተጠቅልሎ ሲጎረስ ማየቱን ጽፏል። ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥተው ወደ መካ ሲሄዱ በመንገድ የቀሩ ተክሩር የሚባሉ ሰዎች በመተማ ሰፈሩ፤ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1862 በዚያ ሲያልፍ ተክሩሮቹንና ገበያቸውን አይቶ በመጽሐፉ ተርኳል። የደጋው ነጋዴ ቡናና ሰም ይዞ ይወርዳል፤ የቆላው ነጋዴ ጥጥና ጨርቅ ይዞ ይጠብቀዋል፤ ማታም ሁሉም እሳት አንድዶ ይበላል። እንዲህ ባለ ገበያ ምን ማባያ ለማን እንደሚገባ ከመልክና ከልብስ ለይቶ መናገር የሚቻለው ማን ነው?

ይህች አገር ግን የገበያ ብቻ ሳትሆን የደምም አገር ናት። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከደርቡሽ ጋራ በመተማ ተዋግተው ቈሰሉ፤ በማግሥቱም ዐረፉ። ከዚያም ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ በተዋዋሉት ውል የሁለቱ አገር ወሰን ተከለለ። ሆኖም ወሰኑ መሬትን እንጂ ምላስን አልከለለም። ኪስራና እንጀራ፥ ወይካና ሽሮ፥ ሻጣና አዋዜ በወሰኑ ላይ ሲመላለሱ ኖረዋል።

ስለ ማቃጠሉም ነገር የዘመኑ ምርምር የሚያስረዳው አለ። የበርበሬን ኃይል የሚሰጠው ካፕሳይሲን የሚባል ነገር ነው፤ የሚበዛውም ሰው እንደሚያስበው በፍሬው ውስጥ ሳይሆን ፍሬውን በያዘው ነጭ ሥጋ ላይ ነው። በ1997 በአሜሪካ ዴቪድ ጁልየስ ከባልደረቦቹ ጋራ ይህ ነገር የሚነካውን የሕዋስ በር አገኘ፤ በ2021ም ስለዚህ የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ሆነ። ያ በር እሳትና ፈላ ውሃ ሲነኩት የሚከፈተው በር ራሱ ነው። ስለዚህ በርበሬ ጣዕም ሳይሆን ሥቃይ ነው፤ አንጎል እሳት የነካው ይመስለዋል። ድንቁ ነገር የሕዝብ ቋንቋ ይህን ቀድሞ መያዙ ነው፤ አማርኛ ፍሙንም ወጡንም «ይፋጃል» ይላል፤ ዐረብኛም ለሁለቱ «ሓር» የሚል አንድ ቃል አለው። ከዚህም የተነሣ በወሰን ላይ «ሓር» ብሎ ያዘዘ ሰው ትኩስ ወጥ ፈልጎ የሚያቃጥል ሊቀርብለት ይችላል።

ይህን ሥቃይ መቻል ከደምና ከዘር የተሰጠ ማዕረግ አይደለም፤ ልማድ ነው። ያ በር ደጋግሞ ሲነካ ይደነዝዛል፤ ሕፃንም በእናቱ እጅ ጥቂት በጥቂት ይለምደዋል እንጂ ቀይ ወጥ ለምዶ አይወለድም። «የሞቀ አገር ሰው የሚያቃጥል ይወዳል» የሚለውም ንግግር በኢትዮጵያ አይጸናም፤ በደባርቅና በዳባት ብርድ የሚኖረው ሰው ያለ በርበሬ ወጥ ወጥ አይመስለውምና። ከቀለም መፍረድም ያስታል፤ ደማቁ ቀይ በርበሬ ለስላሳ ሲሆን፥ ትንሿ ሚጥሚጣ ግን ጉሮሮ ታንቃለች፤ አረንጓዴዋም ቃርያ ልብ ታደርቃለች።

የሁለቱ ወጥ ቤት ሥርዓትም ይለያያል፤ ብዙው አለመግባባት የሚወለደው ከዚህ ነው። በደጋው ወጥ ቤት በርበሬው ከሽንኩርቱ ጋራ ተቁላልቶ ከወጡ ጋራ አንድ ይሆናል፤ ስለዚህ መጠኑን የምትወስነው ባለሙያዋ ናት፤ እንግዳውም የገባውን ማውጣት አይችልም። በሱዳኑ ማዕድ ግን ሻጣው ብዙ ጊዜ ለብቻው ይቀመጣል፤ መጠኑን የሚወስነው በላተኛው ነው። የደጋውም ሰው ይህን ሥርዓት ጨርሶ የማያውቀው አይደለም፤ ለጥሬ ሥጋ አዋዜና ሚጥሚጣ ለብቻ ይቀርባልና። እንግዲህ ለሥጋ የሚደረገውን ለእንግዳ ማድረግ ምን ያህል ያስቸግራል?

ከዚህም የሚከብድ ነገር አለ። በአማርኛ «አልጫ» የወጥ ስም ብቻ አይደለም፤ ወኔና ለዛ የሌለው ሰው ይነቀፍበታል። ስለዚህ አልጫ ያዘዘ ሰው ወንድነቱን ያጐደለ ይመስለዋል፤ አልጫ ያለ ጥያቄ የቀረበለትም የተናቀ ይመስለዋል። ነገር ግን በቆሎና በውሃ ዕድሜያቸውን የፈጸሙ የገዳም አባቶችን አልጫ ብሎ የሚነቅፍ የለም። ኃይል በምላስ ቢመዘን ኖሮ ሚጥሚጣ የቃመ ሁሉ ጻድቅ በሆነ ነበር። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት በ14ኛው ምዕራፍ የሚበላውም የማይበላውን እንዳይንቅ፥ የማይበላውም በሚበላው ላይ እንዳይፈርድ ያስተማረው ይህን የመሰለውን ክፉ ልማድ ለማጥፋት ነው።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰዎች በመተማ በር ገቡ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በኩመርና በአውላላ መጠለያ ተቀመጡ። ቤቱን፥ ንብረቱን፥ አገሩን ያጣ ሰው የቀረው ምርጫ ጥቂት ነው። «ምን ትበላለህ? በርበሬውን ምን ያህል ላድርገው?» ተብሎ የተጠየቀ ስደተኛ፥ ከምግቡ አስቀድሞ ሰውነቱ ይመለስለታል። ሳይጠየቅ የተፈረደለት ግን፥ ፍርዱ በቅን ልብ ቢሆን እንኳ፥ በሌላ ሰው ቤት መሆኑን ዳግመኛ ያስታውሳል።

አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ሦስቱን እንግዶች በተቀበለ ጊዜ ካቀረበው አንዱ ወተት ነበር። ወተትም የበርበሬን እሳት ከውሃ ይልቅ እንደሚያበርድ ዛሬ ታውቋል። እንግዲህ የመተማ ባለምግብ ቤት ወጡን ቀይ ቢያደርገው ወይም አልጫ ቢያደርገው ነቀፋ የለበትም፤ የሚነቀፈው እንግዳውን ሳይጠይቅ በልብሱ የፈረደበት እንደ ሆነ ነው። መጠየቅ ዋጋ አያስከፍልም፤ በዚያች በብዙ ደም በተገዛች ወሰን ላይ ግን ጎረቤትን ከጎረቤት ጋራ በሰላም ያኖራል።