ከሰኔ እስከ መስከረም በኩልፎ ዳር

የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት በሰኔ የተዋሰውን ሰብስቦ፣ ቆጥሮና የጎደለውን መዝግቦ ይዘጋል፤ በመስከረም አቧራውን አራግፎ ይከፈታል። ይህ ሥርዓት ከደጋው ክረምት ጋር የሚስማማ ነው። ኩልፎ በሚያልፍባት በአርባ ምንጭ ግን ዋናው ዝናብ የሚበረታው በሚያዝያና በግንቦት፣ ተማሪው መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ለፈተና በሚሮጥበት ወራት ነው፤ ሁለተኛውም በመስከረምና በጥቅምት መክፈቻውን ጠብቆ ይደርሳል። ርጥበትና ምስጥ ዕረፍት አያውቁም።

በ1967 ዓ.ም. ሥርዓቱ ራሱ ተናጋ። በታኅሣሥ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጀመር ወደ 60,000 የሚደርሱ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ፤ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል አንባቢም ሰኔ ሳይደርስ ተበተነ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ መምህሩን በክረምት ፈለገው። ፊደል በየቀበሌው ሲዘረጋ (ይህስ ታላቅ ሥራ ነበር) መደርደሪያውን የሚቆጥረው እጅ ብዙ ጊዜ የዚያው የዘማች መምህር እጅ ነበር።