ታዲየስ ስቲቨንስ፤ የጌቲስበርጉ ጠበቃ በሕግ አውጪው ምክር ቤት

የፔንስልቬንያዋ ጌቲስበርግ በዓለም የታወቀችው በ1863 በተደረገባት ታላቅ ውጊያ ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ከዚያ አስቀድሞ ግን፣ ገና ትንሽ የአውራጃ መቀመጫ ሳለች፣ በ1816 አንድ የ24 ዓመት ወጣት የጥብቅና ቢሮ ከፈተባት። ታዲየስ ስቲቨንስ ይባላል። በቬርሞንት ከድኻ ቤተሰብ ተወልዶ፣ ከውልደቱ አንድ እግሩ ቆልማማ ሆኖ፣ በእናቱ ጥረት የተማረ ሰው ነበር።

ሙያው ብዙ ሳይቆይ ሠመረለት። ለሕግ ባለሙያ ይልቁንም የሚያሳስበው በ1821 ያሸነፈው ክርክር ነው። በክፍለ ግዛቱ ሕግ፣ ጌታው ወደ ፔንስልቬንያ ይዞት መጥቶ ስድስት ወር ያኖረው ባሪያ ነፃ ይወጣ ነበር። ቻሪቲ በትለር የተባለች የሜሪላንድ ባሪያ፣ እየተመላለሰች የቆየችባቸው ቀኖች ሲደመሩ ይህን ጊዜ ይሞላሉ በማለት ለራስዋና ለልጆችዋ ነፃነትን ጠየቀች። ስቲቨንስ ለባለቤቱ ቆሞ፣ ስድስቱ ወር ሳይቋረጥ መቈጠር አለበት ሲል ተከራከረ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ተቀበለው። እናትና ልጆች በባርነት ቀሩ። የሕጉ ቃል ለሁለቱም ትርጓሜ በር ይከፍት ነበርና በሙያው ረገድ የሚነቀፍበት የለም፤ በሌላው ረገድ ግን ይህን የመሰለ ድል ማንንም አያኮራም። ኋላ ከባርነት ለሚያመልጡ ሰዎች ያለ ክፍያ ይቆም ጀመር። ጸጸት ነው ወይስ የሐሳብ መብሰል የሚለው ጸሐፊዎችን ሲያከራክር ኖሯል።

በ1833 ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ተመረጠ። በተከታዩ ዓመት በሕዝብ ግብር የሚተዳደሩ ትምህርት ቤቶች ሕግ ያለ ብዙ ተቃውሞ ጸደቀ፤ ግብሩ ሲመጣ ግን ገበሬው ተቈጣ። ሕጉ ይሻር የሚል ከ30,000 በላይ ሰው የፈረመበት አቤቱታ ጐረፈ፣ የላይኛው ምክር ቤትም ሽረቱን አሳለፈ። ሚያዝያ 11 ቀን 1835 ስቲቨንስ በታችኛው ምክር ቤት ተነሥቶ ተናገረ። የድኻው ልጅ መማር የሀብታሙም ደኅንነት መሆኑን፣ ግብሩም ከማረሚያ ቤት ወጪ እንደሚያንስ አስረዳ። የሕጉ ዋና ደጋፊ የሆነው አገረ ገዥ ጆርጅ ዎልፍ የፓርቲ ባላንጣው ነበር፤ ቢሆንም ደገፈው። ሽረቱ ውድቅ ሆነ፣ ትምህርት ቤቶቹም ቆሙ። ንግግሩ ሐር ላይ ታትሞ ተበረከተለት መባሉም ይነገራል፤ ትልቁ ነገር ግን አስቀድሞ የተቈጠረ የሚመስለውን ድምፅ መለወጡ ነው።

በ1837 የክፍለ ግዛቱን ሕገ መንግሥት የሚያሻሽል ጉባኤ ተጠራ፤ ስቲቨንስም በአባልነት ገባ። ጉባኤው የመምረጥ መብትን ነጭ ለሆኑ ወንዶች ብቻ እንዲወሰን አደረገ። ጥቁሮች በአንዳንድ አውራጃ ድምፅ ይሰጡ ነበርና ይህ የነበረን መብት መንጠቅ ነበር። በ1838 ሰነዱ ለፊርማ ሲቀርብ ስቲቨንስ አልፈርምም አለ። ብዙኃኑ ስሙን አስፍሮ ሲወጣ የእርሱ ስም ከሰነዱ ጐድሎ ቀረ።

በ1842 ወደ ላንካስተር ተዛውሮ፣ ከዚያም በዋሽንግተን የተወካዮች ምክር ቤት ታላቅ ስም አተረፈ። በዚያም የአገሪቱን ሕገ መንግሥት 14ኛ ማሻሻያ ካረቀቁት አንዱ ሆነ። ነሐሴ 11 ቀን 1868 ሲሞት፣ ዘር ሳይለይ ሁሉን በሚቀብር መካነ መቃብር እንዲያርፍ ራሱ መርጦ ነበር። የፔንስልቬንያ ጥቁሮች በ1838 የተነጠቁትን ድምፅ መልሰው ያገኙት በ15ኛው ማሻሻያ በ1870 ነው።