መስኮትን ስለ ማጥቆር፦ ከነገሥታት መጋረጃ እስከ ኮልፌ ቀራንዮ

ቤት የሚሠራ ሰው ስለ ግድግዳውና ስለ ጣራው አስቀድሞ ይመክራል፤ ስለ መስኮቱ የሚመክረው ግን ብዙ ጊዜ ቤቱ ካለቀ በኋላ ነው። በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በአየር ጤና አካባቢ የሚገኘው የቤተሰባችን ቤትም እንዲሁ ሆኗል። ከአጥራችን ማዶ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ከተሠራ ወዲህ፣ በመስኮቶቻችን መስተዋት ላይ ጥቁር ላስቲክ ይለጠፍ ወይስ አይለጠፍ የሚል ክርክር በቤታችን ተነሥቷል። ታላቅ ወንድማችን «ሰው ከላይ ሆኖ ጉርሻችንን እየቈጠረ እንዴት እንበላለን?» ይላል። አያታችን በበኩላቸው በመንገዱ በኩል ባለው መስኮት ሥር ተቀምጠው ጥጥ የሚፈትሉ ስለ ሆኑ «ብርሃኔን አትንኩብኝ» ይላሉ። ነገሩ ከአንድ ቤት ጉዳይ የሰፋ መስሎ ስለ ታየን፣ ታሪኩን በአጭሩ ልንመረምር ተነሣን።

በሀገራችን መስኮት ጥንታዊ ነገር ነው። ከሮም በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. ዳግመኛ የቆመው፣ 24 ሜትር ያህል ቁመት ያለው የአክሱም ሐውልት የፎቅ ቤት አምሳል ሲሆን በየደርቡ መስኮቶች ተቀርጸውበታል። በላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትም ይህንኑ የአክሱም ሥርዓት የተከተሉ መስኮቶች ይታያሉ። በጎንደር የዐፄ ፋሲለደስ ግንብም ባለ ቅስት መስኮቶች አሉት። የባላገሩ ቤት ግን ሌላ ነበር። ክቡ የጭቃ ቤት በአብዛኛው መስኮት አልነበረውም፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ ነበር፤ ጢሱም በበሩና በሣር ክዳኑ መካከል እየተሹለከለከ ይወጣ ነበር። ስለዚህ መስኮት ለረጅም ዘመን ከቤተ መንግሥትና ከቤተ ክርስቲያን ጋር ተያይዞ ኖሯል ማለት ይቻላል።

ሳይታዩ መኖርም እንደዚሁ የማዕርግ ምልክት ነበር። በግብር ጊዜ ንጉሡ ሲመገቡ መጋረጃ ይጋረድ ነበር፤ መኳንንቱም ሲጠጡ አሽከር በሸማ ይከልላቸው ነበር። ለዚህ አንደኛው ምክንያት ክብር ሲሆን፣ ሁለተኛው የቡዳ ዓይን ፍርሃት ነው። እንግዲህ ወንድማችን ስለ ጉርሻው ሲናገር ሳያውቀው የቀድሞ ሰዎችን ስጋት መድገሙ ነው። በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥትም ዳግማዊ ምኒልክ እንቁላል ቤት ከተባለው ከፍ ያለ ቤት ሆነው ከተማውን በመነጽር ይቃኙ እንደ ነበር ይነገራል። እያዩ አለመታየት በዚያ ዘመን ለሁሉ የተሰጠ ዕድል አልነበረም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር መስተዋት ከባሕር ማዶ መጥቶ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ የሚደርስ፣ በመንገድም የሚሰበር ዕቃ ነበር። የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ ጭነቱ ቀለለ። የሕንድና የአርመን ባለሙያዎች በሠሯቸው ቤቶች የእንጨት ሰገነትና የመስተዋት መስኮት መታየት ጀመረ። በሐረር አንድ የሕንድ ነጋዴ ያሠራው፣ ዛሬ በፈረንሳዊው ባለቅኔ በራምቦ ስም የሚጠራው ቤት ባለ ቀለም መስተዋት ያለው ነው። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽም አፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር በሚሆን ባለ ቀለም መስተዋት የአፍሪካን ያለፈ፣ የአሁንና የወደፊት ዘመን አሳይተዋል። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ ሊባል ይገባል። በእነዚህ ሥራዎች ቀለሙ የገባው ብርሃኑ ለዓይን እንዲያምር ነው፤ የዛሬው ጥቁር ላስቲክ ግን የሚለጠፈው ሰው እንዳያይ ነው።

ለዚህ ያደረሰን የከተማው መጠጋጋት ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኮንዶሚኒየም በስፋት ሲሠራ፣ የግል ፎቅም ሲበዛ፣ የአንዱ መስኮት ከሌላው መስኮት ፊት ለፊት ሆነ። ቀድሞ በአጥር የሚከለለው ግቢ ዛሬ ከላይ ይታያል። ስለዚህ የወንድማችን አቤቱታ ከንቱ አይደለም።

ነገር ግን ላስቲኩ የሚሠራበትን መንገድ መረዳት ያስፈልጋል። ሰው የሚያየው ከጨለማው ወገን ወደ ብሩሁ ወገን ነው። ቀን ደጁ ብሩህ፣ ቤቱ ደብዛዛ ስለሆነ የውጭው ሰው ወደ ውስጥ ማየት ይቸግረዋል። ማታ መብራት ሲበራ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ውስጥ ያለው ሰው በመስተዋቱ ላይ የራሱን መልክ ሲያይ፣ ደጅ የቆመው እርሱን ያየዋል። እንግዲህ ለእራት ጊዜ የሚያገለግለው ያው የጥንቱ መጋረጃ ነው።

የአየሩንም ጠባይ መመዘን ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ስለሆነች በሙቀት የምትቃጠል ከተማ አይደለችም። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳው ይበርዳል፤ ፀሐይም ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በደቡብ መስኮት የሚገባው ሙቀት ጸጋ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ በደመና ስለሚሸፈን ጥቁር መስተዋት ያለው ቤት በቀን መብራት ያስፈልገዋል። በአንጻሩ ፀሐይ ወደ ወጨጫ ተራራ ስታዘቀዝቅ በምዕራብ መስኮት የሚገባው ጨረር ዓይን ይወጋል፤ ዕቃም ያደበዝዛል። እዚያ ላይ ላስቲኩ ይጠቅማል። ሆኖም የጠቈረ መስተዋት ሙቀት ስለሚይዝ፣ ግማሹ በጥላ ግማሹ በፀሐይ ሲሆን ሊሰነጠቅ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያሳሰበን ግን ሌላ ነው። አያታችን በመስኮታቸው ሥር ሲፈትሉ መንገደኛው ሁሉ «እንደምን አደሩ እማማ?» ብሎ ያልፋል፤ እርሳቸውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። አንድ ቀን ጠዋት ከመስኮታቸው ቢታጡ፣ ጎረቤት ምን ሆኑ ብሎ በሩን ያንኳኳል። መስተዋቱ ቢጠቍር እርሳቸው ሰዉን ያያሉ፤ ሰዉ ግን አያያቸውም፤ ሰላምታውም ይቀራል። ጥንት የንጉሥ የነበረው ዕድል ለአንዲት አሮጊት ሲደርስ ብቸኝነት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በቤታችን ከተመካከርን በኋላ እንዲህ ወሰንን፦ በሕንፃው በኩል ያሉት የመኝታና የመመገቢያ ክፍሎች መስኮቶች ላስቲክ ይለጠፍባቸው፤ ለማታ ደግሞ መጋረጃ ይጨመር፤ የመንገዱ መስኮት ግን እንዳለ ይቆይ። ወንድማችን ሙሉ በሙሉ ደስ አላለውም፤ አያታችን ግን እንዝርታቸውን አንሥተው ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል። አንባብያን ከዚህ የተሻለ ሐሳብ ቢኖራቸው ልንማርበት ዝግጁ ነን።