«አደብ ግዛ»፦ የሥነ ምግባር ተርቢያ ከወሎ የቂርኣት ማዕከላት እስከ ጉለሌ መድረሳዎች

ልጅን ሥርዓት እንዲይዝ ስንገሥጽ «አደብ ግዛ» እንላለን። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ስለሚናገረው ግን ባዕድነቱ ተረስቷል። አነጋገሩ አደብ ከሰው ጋር አብሮ የሚወለድ ሳይሆን ዋጋ ተከፍሎበት የሚገዛ መሆኑን ያመለክታል። በአገራችን የእስልምና ትምህርት ታሪክ ውስጥ ይህ ዋጋ ምን ነበር? ከፋዩስ ማን ነበር? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

ጥያቄው ዛሬ የሚነሣበት ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የተጀመረ አንድ እንቅስቃሴ ራስን ማወቅን፣ ስሜትን መግዛትን፣ የሌላውን ስሜት መረዳትን፣ መልካም ግንኙነትንና ኃላፊነት ያለበትን ውሳኔ «ማኅበራዊና ስሜታዊ ክህሎት» በሚል ስም ሰብስቦ እንደ ትምህርት ማቅረብ ጀመረ። ስያሜው በመምህራን ሥልጠና ላይ መሰማት ከጀመረ ወዲህ ከመምህራኖቻችን አንዳንዶቹ እንደ አዲስ ግኝት ይቀበሉታል፤ ሌሎቹ ደግሞ የባዕድ ነገር ነው በማለት ይገፉታል። ሁለቱም ታሪኩን የዘለሉ ይመስለኛል።

በ505 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን» በተሰኘው ሥራቸው ስለ ልጆች አስተዳደግ ሲጽፉ፣ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያጠፋ አስተማሪው እንዳላየ እንዲያልፈው ይመክራሉ። ጥፋቱ ሲደገም ተግሣጹ በምሥጢር መሆን አለበት፤ በሰው ፊት የተዋረደ ልጅ ኀፍረቱን ያጣልና። ከትምህርት በኋላ ልጁ እንዲጫወት መፍቀድም ግዴታ መሆኑን ያሳስባሉ። ከእርሳቸው ሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ኢብን ኸልዱን በጭካኔ የተማረ ልጅ ውሸትንና ተንኮልን የመከላከያ ልማዱ እንደሚያደርግ በ«ሙቀዲማ» አስረድተዋል። የልጅን ስሜት እንደ ትምህርት ጉዳይ መመልከት እንግዲህ ከባሕር ማዶ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም።

በወሎ የነበረው ሥርዓት በተለይ ሊጤን ይገባል። ሸኽ ሙሐመድ ሻፊዕ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ያስተምሩበት የነበረው ጀማ ንጉሥ፣ እንዲሁም ዳናና ሾንኬ፣ ደረሳዎች ከሩቅ አገር እየመጡ ይቀሩባቸው የነበሩ ማዕከላት ናቸው። የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አሕመድ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት የ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ጥናት የእነዚህን ማዕከላት መነሣትና የመሻይኾቻቸውን ሚና በሰፊው አሳይተዋል። ደረሳው አንዱን ኪታብ ከአንዱ ሸኽ፣ ሌላውን ደግሞ ከሌላው ይቀራ ነበር፤ ፊቅህን ለመማር የሄደበት ቦታ ነሕውን ለመማር ከሄደበት ሊለይ ይችላል። ይህ ጉዞ በራሱ ትምህርት ነበር፤ ደረሳው በየደረሰበት እንግዳ ነውና የሰውን ፊት ማንበብ፣ ረኀብን መታገሥ፣ ከማያውቀው ጋር አንድ ገበታ መካፈል ግድ ይሆንበታል።

አደብ በዚያ ሥርዓት ራሱን የቻለ የትምህርት ሰዓት አልነበረውም። የነበረው ኺድማ ነው። ደረሳው እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል፣ የሸኹን እርሻ ያግዛል፣ የቀደመው ደረሳ አዲሱን ፊደል ያስቆጥራል። አስተማሪው ተማሪውን ኪታብ ላይ አጎንብሶ ብቻ ሳይሆን ሲበላ፣ ሲቆጣና ሲሰንፍም ያየዋል። ስለዚህ የሚያርመው ሰው የሚያውቀው ሰው ነበር። ይሁን እንጂ ነገሩን አላስውበውም፤ ኺድማ ጉልበት ብዝበዛ የሚሆንበት፣ አለንጋም ከኪታብ የሚቀድምበት ቦታ አልጠፋም። አል-ገዛሊን እየቀራ ምክራቸውን የማይሠራበት አስተማሪ በየዘመኑ ይገኛል።

ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ደግሞ መንዙማ ነበረለት። እንደ ሸኽ ጦልሃ ጃዕፈር ያሉ ዐሊሞች በአማርኛ እያዜሙ፣ በዐረብኛ ፊደልም እየጻፉ፣ ትዕግሥትንና ትሕትናን ከደረሳው ክበብ አውጥተው ወደ እናቶች ጓዳ አደረሱ። በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የዐፄ ዮሐንስ አዋጅ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ሲያስገድድ ብዙ ዐሊሞች ተሰደዱ፤ ሸኽ ጦልሃም ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ነበሩ። ኪታብ ሊቃጠል፣ ሸኽም ሊሰደድ ይችላል። በቃል የተያዘ ዜማ ግን ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል።

አዲስ አበባ ስትቆረቆር ከወሎ፣ ከጉራጌ፣ ከሐረር፣ ከጅማና ከየመን የመጡ ሙስሊሞች ንግዳቸውን ብቻ ሳይሆን ቂርኣታቸውንም ይዘው ገቡ። ከተማዋ ግን ለኺድማ አትመችም፤ እርሻ የለም፣ ደረሳውም ማታ ወደ ወላጆቹ ቤት ይመለሳል። በመንግሥት ትምህርት ቤት ይሰጥ የነበረው «ግብረ ገብ» በንጉሡ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ቀለም ስለነበረው ሙስሊሙ ልጅ በትምህርቱ ውስጥ ራሱን አያገኝም ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ የወጣው ታላቅ የሙስሊሞች ሰልፍ የእኩልነት ጥያቄ ያነሣው እንዲህ ያለው መገለል ለዘመናት ከተጠራቀመ በኋላ ነው። ደርግ ግብረ ገብን በፖለቲካ ትምህርት ተካው፤ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ትምህርትን ከሃይማኖት ነጻ አደረገ። ነጻ መደረጉ ፍትሕ ነበር። የሃይማኖቱ ተርቢያ ግን ሙሉ በሙሉ ወደ መስጊዱ ጓሮ ተዛወረ።

ከእንጦጦ ግርጌ ባለችው ጉለሌ ይህ ሁሉ በአንድ ልጅ ቀን ውስጥ ይታያል። ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ወይም ቅዳሜና እሑድ መድረሳ። መድረሳው ከዘመናዊው ትምህርት ቤት ሰሌዳውን፣ የሰዓት ክፍፍሉንና ፈተናውን ወሰደ፤ ከወሎው ሥርዓት የወረሰው ግን ኪታቡን እንጂ አብሮ መኖሩን አይደለም። በዚያው በጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ያለ ሸማኔ ልጁን ከአጠገቡ አስቀምጦ ክር እያስጠቀለለ ሙያ ሲያወርስ፣ እኛ ትዕግሥትን በጥቁር ሰሌዳ ጽፈን እናስገለብጣለን።

ደረሳውን ወደ እርሻ መመለስ አይቻልም፤ ይቻል ቢባልም አልመኘውም። ከኺድማ ውስጥ ግን ከተማ የማይከለክለው ክፍል አለ። ታላቁ ልጅ ታናሹን እንዲያስቀራ፣ የመስጊዱ ምንጣፍ በተራ እንዲጠረግ፣ የታመመ ባልንጀራ በቡድን እንዲጠየቅ ማድረግ በጀት አይጠይቅም። የተጣሉ ሁለት ልጆችን በሠላሳ ልጆች ፊት ከመገሠጽ ይልቅ ከዐስር ሶላት በኋላ ለብቻቸው አስቀምጦ ማነጋገርም አሥር ደቂቃ እንጂ ሥርዓተ ትምህርት አይፈልግም። ኢማሙም ሆነ መምህሩ እነዚያን አሥር ደቂቃዎች ለማግኘት ከዕለቱ የሒፍዝ መጠን ጥቂት አንቀጾችን መቀነስ ይኖርባቸዋል፤ ወላጆችም ቅነሳው ለምን እንደሆነ አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል።