የተሰጠውና የተፈቀደው

«ምሕዋር» ከግእዙ «ሖረ» የወጣ ቃል ነው፤ «ሖረ» ሄደ ማለት ነው። እግረኛ የሚሄድበት መንገድ ምሕዋር ይባል ነበር፤ ዛሬ ቃሉ ለሳተላይት ተሰጥቷል። «ሳተላይት» ራሱ በላቲን ከጌታው ጎን የማይለይ አጃቢ ነው። የሥነ ፈለክ ሊቁ ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1611 ባሳተመው ጽሑፍ የጁፒተርን ጨረቃዎች በዚህ ስም ጠራቸው። (አማርኛችን «ጋሻ ጃግሬ» ቢላቸው ኖሮ ደስ ባለኝ።)

እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን «ኤፌመሪስ» ነው። በግሪክ «ሄሜራ» ቀን ነው፤ ኤፌመሪስም የዕለት ውሎና የዕለት ሒሳብ የሚሰፍርበት መዝገብ ነበር። ኋላ የከዋክብት ተመልካቾች ፕላኔቶች በየዕለቱ የሚገኙበትን ሥፍራ ለሚያሳየው ሰንጠረዥ ወሰዱት፤ ከእነሱ አንዱ ሬጊዮሞንታኑስ በ1474 ያሳተመው መጽሐፍ ስሙ ይኸው ነው። ከዚያው ሥር «አንድ ቀን ብቻ የሚቆይ» የሚል ፍቺም በቅሏል።

እንደ ስቴላሪየም ያሉትን ክፍት የሥነ ፈለክ ሶፍትዌሮች የሚንከባከቡ ሰዎች ሁለቱንም ፍቺ በሥራቸው ያገኙታል። የፕላኔቶች ስሌት አንዴ ከተሠራ ለዘመናት ያገለግላል። የሳተላይት ግን ቶሎ ያረጃል። የአንድ ሳተላይት ምሕዋር የሚጻፈው በሁለት መስመር ነው፤ እያንዳንዱ መስመር 69 ቁምፊ አለው። በመጀመሪያው መስመር ላይ 24183.5 የሚል ቁጥር ብናገኝ የ2024 ዓመት 183ኛ ቀን፣ በግሪንዊች እኩለ ቀን ማለት ነው፤ ጁላይ 1 መሆኑ ነው። ይህ ቅጽበት «ኤፖክ» ይባላል፤ የግሪኩ ሥር ማቆም፣ መግታት ነው። ቁጥሮቹ ልክ የሚሆኑት ለዚያች ቅጽበት ነው። 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ እንኳ ስስ አየር አለና ሳተላይቱን ይጎትተዋል፤ ፀሐይ ስትነቃቃ ደግሞ ያ አየር ያብጣል፤ ስሌቱም በየቀኑ በኪሎ ሜትሮች እየሳተ ይሄዳል። ዓመቱ በሁለት አኃዝ ብቻ መጻፉም የራሱ ጣጣ አለው፦ የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክ በ1957 ስለመጠቀ ከ57 እስከ 99 ያለው ያለፈው ክፍለ ዘመን፣ ከ00 እስከ 56 ያለው የአሁኑ ሆኖ ይነበባል። ከ2056 በኋላስ? ያኔ የሚኖሩት ይጨነቁበት።

«ዳታ» በላቲን «የተሰጡ ነገሮች» ማለት ነው። ማን ነው የሰጠው? የሚለው ጥያቄ ወደ ፈቃድ ያመጣናል። የግእዙ «ፈቀደ» መጀመሪያ ወደደ፣ ፈለገ ነው፤ «አባታችን ሆይ» ስንል ዛሬም ቃሉን በዚያው ፍቺ እንጠራዋለን። የመንጃ ፈቃድና የንግድ ፈቃድ ኋላ የመጡ ናቸው። የስቴላሪየም ኮድ ጂፒኤል በተባለው ፈቃድ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የምሕዋሩ ቁጥሮች ግን የፕሮግራመሮቹ አይደሉም፤ በአብዛኛው ከአሜሪካ ጦር የሚመጡ ናቸው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሥራ በዚያ አገር የቅጂ መብት አይያዝበትም። ሆኖም ስፔስ-ትራክ የተባለው የአሜሪካ ጦር አገልግሎት የሚመዘገበውን ሰው ውል ያስገባዋል፦ ያወረደውን ያለ ፈቃድ ለሌላ ማደል አይችልም። የስቴላሪየም የሳተላይት ክፍልም እንደ ሴለስትራክ ያሉ ምንጮችን አድራሻ ይይዛል፤ ፕሮግራሙ አዲሱን ፋይል ከዚያ ያወርዳል፣ ተጠቃሚውም ሌላ ምንጭ ካለው በዝርዝሩ ላይ ይጨምራል።