ከብልቃጥ እስከ መንጋ፦ የእንስሳት ሕዋስ ማሳደጊያ ታሪክ ከጨፋ ሜዳ ሲታይ



በቦርከና ወንዝ የሚጠጣው የከሚሴ አካባቢ የጨፋ ረግረግ፣ በበጋ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብቶች የሚገናኙበት ግጦሽ ነው። መንጋ በሚገናኝበት ስፍራ በሽታም ይገናኛል። ስለዚህ የዛሬው ርእሳችን፣ ማለትም የእንስሳትን ሕዋስ ከትንሽ ብልቃጥ ወደ ትልቅ ዕቃ አሸጋግሮ የማሳደግ ጥበብ፣ ለዚህ አካባቢ ባዕድ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1887 በምጽዋ በኩል የገባው የደስታ በሽታ አብዛኛውን የአገሪቱን የቀንድ ከብት ፈጀ። ገበሬው የሚጠምደው በሬ አጣ፤ «ክፉ ቀን» የምንለውም ረኀብ ተከተለ። ቆይቶ የተገኘው ክትባት በሕያው ፍየልና ጥንቸል ገላ ላይ ይዘጋጅ ስለ ነበር፣ በብዛትም በጥራትም ወጥ ማድረጉ አዳጋች ሆነ። በ1960 አካባቢ ዋልተር ፕላውራይት በኬንያ ሙጉጋ ቫይረሱን በጥጃ ኩላሊት ሕዋስ ላይ ደጋግመው በማሳደግ አዳከሙት። ከዚያ ወዲህ ክትባቱ የሚመረተው በእንስሳ ገላ ሳይሆን በጠርሙስ ውስጥ ሆነ።

ጠርሙስን ማተለቅ ግን የራሱ ሕግ አለው። ሕዋስ በጠርሙስ ውስጥ ኦክስጅን የሚያገኘው በፈሳሹ ገጽ በኩል ነው። ዕቃው በሁሉም አቅጣጫ እጥፍ ቢሆን ገጹ አራት እጥፍ፣ ይዘቱ ግን ስምንት እጥፍ ይሆናል። አየር በአረፋ እንዳይሰጠው፣ እንደ ተክል ሕዋስ ግድግዳ ስለሌለው የአረፋው መፈንዳት ይጎዳዋል። በዚህም ምክንያት ብዙ አምራቾች አንድ ዕቃ ከማሳደግ ይልቅ የሚሽከረከሩ ጠርሙሶችን ቁጥር አበዙ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ሌላ መልስ መጣ፤ እሱም አስቀድሞ በጨረር የጸዳ የፕላስቲክ ከረጢትን በሚወዛወዝ መድረክ ላይ ማኖር ነው። ሞገዱ ገጹን ያለማቋረጥ ያድሳል፤ ከረጢቱም ከአንድ ዙር በኋላ ይጣላል። በስዊዘርላንድ ሎዛን የፍሎሪያን ዉርም ቡድን ደግሞ ዕቃውን በክብ እያዞረ በመናጥ መጠኑን ወደ መቶዎች ሊትር አደረሰ። ተጣብቆ የሚያድግ ሕዋስ ግን በዚህ ዕቃ ውስጥ የሚይዛቸው ደቃቅ ቅንጣቶች ያስፈልጉታል።

ይሁን እንጂ የደስታ በሽታ የጠፋው በሊትር ብዛት ብቻ አይደለም። ክትባቱ ቅዝቃዜ ይሻ ነበር፤ ማቀዝቀዣ ደግሞ በአፋር ቆላ አልነበረም። በ1990ዎቹ ሙቀት የሚችለው ክትባት በማኅበረሰቡ ክትባት ሰጪዎች እጅ ቆላ ወረደ። ኢትዮጵያ በ2008፣ ዓለም በ2011 ከበሽታው ነጻ መሆናቸው ታወጀ።

ዛሬ የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታን እስከ 2030 የማጥፋት ዓለም አቀፍ ግብ ተይዟል። በቢሾፍቱ የሚገኘው አገራዊ የክትባት ተቋም የተለያዩ ክትባቶችን ያመርታል፤ ለእንዲህ ያለ ተቋም የሚጣል ከረጢት የማጽዳትን ድካምና የመበከልን ስጋት ይቀንሳል። ነገር ግን ከረጢቱ በየዙሩ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው፤ መንገድ ላይ ቢዘገይ ምርቱ ይቆማል። ስለዚህ ተማሪዎቼ ዕቃ ስትመርጡ ሦስት ጥያቄዎችን አብራችሁ መልሱ፦ ሕዋሱ ይተነፍሳል ወይ? ከረጢቱን ነገም እናገኘዋለን ወይ? ክትባቱስ ኃይሉን ሳያጣ ጨፋ ይደርሳል ወይ?