ሕመምን ለአንድ ሰው ብቻ?

ወገባችሁን ካመማችሁ ሦስት ወር አለፈ እንበል፡፡ ማን ጋ ትሄዳላችሁ? አንዱ ጓደኛችሁ «አንድ ወጌሻ አውቃለሁ፣ አንዴ ካሸህ አለቀ!» ይላል፡፡ አንዷ ደግሞ «ኤምአርአይ ሳትነሺ ምኑን ታከምሽው?» ትላለች፡፡ ሦስተኛው ዲክሎፌናኩን ከኪሱ አውጥቶ እንደ ቆሎ ያካፍላችኋል፡፡ አንድ ሰው፣ አንድ ማሽን፣ አንድ ክኒን! የሕመም ሕክምና ታሪክ ግን የሚለው ሌላ ነው፡፡ እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፡፡

ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ የሬስሊንግ ተጫዋች ነው፡፡ ጆን ቦኒካ በ1917 ሲሲሊ አጠገብ ባለች ደሴት ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ኒውዮርክ ሄደ፡፡ ሕክምና ሲማር ወጪውን የሚሸፍነው ሬስሊንግ እየተጫወተ ነበር፡፡ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ በ1944፣ ዋሽንግተን ግዛት በሚገኘው የማዲጋን ጦር ሆስፒታል የማደንዘዣ ክፍል ኃላፊ ሆነ፡፡ እዚያም ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠመው፡፡ ቁስላቸው ድኖ ሕመማቸው ያልዳነ ወታደሮች ነበሩ፡፡ እግሩ ተቆርጦ የሌለው እግሩ የሚያመው ሁሉ ነበር፡፡

ቦኒካ የሕክምና መጻሕፍትን ቢያገላብጥ ስለ ሕመም የተጻፈው ከቁጥር የሚገባ አልሆነም፡፡ የነርቭ ሐኪሙን ጠየቀ፣ የአጥንት ሐኪሙን ጠየቀ፣ የአእምሮ ሐኪሙን ጠየቀ፡፡ ሁሉም የሚያውቀው የራሱን ጥግ ብቻ ነው፡፡ ታዲያ ምን አደረገ? አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስቦ ስለ አንድ ታማሚ አብረው እንዲነጋገሩ አደረጋቸው፡፡ የዘመናዊው የሕመም ክሊኒክ ሐሳብ የተወለደው ከዚያ ጠረጴዛ ነው፡፡ በ1953 ስለ ሕመም ሕክምና ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ፡፡ በ1973 የጠራው ጉባኤ ደግሞ ዓለም አቀፉን የሕመም ጥናት ማኅበር ወለደ፡፡ እሱ ራሱ ሬስሊንጉ ያተረፈለትን ሕመም ተሸክሞ ኖሮ በ1994 አረፈ፡፡

በዚያው በ1944 እንግሊዝ ውስጥ ሌላ ሰው ነበር፡፡ ከናዚ ጀርመን የተሰደደው አይሁዳዊ የነርቭ ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የጀርባ አጥንት ጉዳተኞችን ክፍል ከፈተ፡፡ ያኔ ከወገቡ በታች ሽባ የሆነ ሰው «ብዙም አይቆይ» ተብሎ የሚተው ነበር፡፡ ጉትማን የአልጋ ቁስል እንዳይወጣባቸው ሌት ተቀን እያገላበጠ፣ አልፎም ሥራና ስፖርት እያሠራ አቆያቸው፡፡ በ1948 16 የቀድሞ ወታደሮችን ቀስት አስወረወረ፡፡ ዛሬ ፓራሊምፒክ የምንለው ከዚያ ነው የመጣው፡፡ የጉትማን ጥያቄ «ምን ያህል ያምሃል?» ብቻ አልነበረም፤ «ነገ ምን መሥራት ትፈልጋለህ?» ጭምር እንጂ፡፡

እኛስ? የታክሲ ረዳቱ «ዘነበወርቅ!» እያለ ሲጣራ ስንቶቻችን ይህ ትዝ ይለናል? በ1965 እዚያ የተቋቋመው አለርት፣ የሥጋ ደዌ ታማሚዎችን መልሶ ለማቋቋምና ከመላው አፍሪካ ለሚመጡ ባለሙያዎች ሥልጠና ለመስጠት የታሰበ ነበር፡፡ ከጠንሳሾቹ አንዱ የነበረው ሐኪም ፖል ብራንድ ሕንድ ውስጥ ሲሠራ ያስተዋለው ነገር አለ፡፡ የታማሚዎቹን ጣት የሚያሳጣው በሽታው ሥጋቸውን ስለሚበላው ሳይሆን ሕመም ስለማይሰማቸው ነው፡፡ እሳት ሲነካቸው አያውቁትማ! ሕመም ለካ ዘበኛም ነው፡፡ ምን አይቶ እንደሚጮህ ሳይጠይቅ አፉን ብቻ የሚዘጋ ሐኪም ደግ አላደረገላችሁም፡፡

ጠረጴዛው በክኒን ሲተካ ምን እንደሚሆን ደግሞ አሜሪካ አይታዋለች፡፡ ኦክሲኮንቲን የተባለው ከባድ ማስታገሻ በ1996 ገበያ ላይ ዋለ፡፡ በ2007 አምራቹ ኩባንያ የሱሱን አደጋ አሳንሶ በመናገር ፍርድ ቤት ጥፋቱን አመነ፡፡ እስከዚያ ድረስ ስንቱ ቤት ፈርሷል፡፡

እንግዲህ ሐኪም ስትመርጡ ይህን ታሪክ ይዛችሁ ግቡ፡፡ ፊልሙን ከማየቱ በፊት ይጠይቃችኋል? በእጁስ ይመረምራችኋል? (ምንም የማያመው ሰው ኤምአርአይ ቢነሣም ያበጠ ዲስክ ሊታይበት ይችላል፤ ፊልም ብቻውን ፍርድ አይደለም፡፡) ስለ እንቅልፋችሁና ስለ ሥራችሁ ያነሣል? ወደ ፊዚዮቴራፒ ይልካችኋል? ከላከስ ፊዚዮቴራፒስቱ ያለውን ይሰማል? ግቡ ምንድን ነው፤ ሕመሙን ዜሮ ማድረግ ወይስ ደረጃ እንድትወጡ ማብቃት? «በአንድ መርፌ እገላግልሃለሁ» የሚለውን ተጠንቀቁት፡፡ ወጌሻም ቢሆን የተሰበረ እጅ ጠፍሮ ሲያስር ደም አቋርጦ እስከ መቆረጥ ያደረሰበት ጊዜ አለ፡፡ እግራችሁ ከደከመ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃታችሁ ደግሞ ምርጫ የለም፤ ያኑኑ ሆስፒታል!

የቦኒካ ጠረጴዛ በየሰፈሩ አይገኝም፡፡ ብዙ ጊዜ ወረቀቱን ይዘን ከክፍል ክፍል የምንዞረው፣ አንዱ ያለውን ለሌላው የምንነግረው እኛው ነን፡፡ አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ፡፡ እውነት ነው፤ ግን መናገር ብቻውን ምን ያደርጋል? የሚያዳምጥም ያስፈልጋል፡፡ ያልሰማችሁን ሐኪም ለመቀየር ይሉኝታ አይያዛችሁ፡፡